አልፈቅድም ያለው ሰው

አያ ጀምበሩ መሞቱን የሰማሁት መኪና ውስጥ ሆኜ ነው። ጠዋት ከምኖርበት ከተማ፣ ከቂርያት ማላኪ፣ ወጥተን የመንገዶቹ መገናኛ ላይ መኪናው ሁሉ ተጨናንቆ ቆሞ ሳለ ስልኬ ጮኸ። እኛ ከጎንደር የመጣን ሰዎች የለቅሶ መልእክት የምንለዋወጥበት የዋትስአፕ ቡድን አለን፤ ማን እንደሞተ፣ ቀብሩ የት እንደሆነ፣ አውቶቡሱ ከየት እንደሚነሳ የምንሰማው በሱ ነው። «የገዴራው ጀምበሩ አርፈዋል፤ ቀብራቸው ዛሬ ነው» ይላል። ከኋላ የተቀመጡት ሁለት ሠራተኞች ወሬያቸውን አላቋረጡም፤ እነሱ አያውቁትም። እኔ አንብቤ ስጨርስ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም፤ እፎይታ ነበር። ወዲያው ደግሞ በእፎይታዬ ተናደድኩ። ሰውየው ሞቶም ማናደዱን አልተወም።

እንደ ወጉ «እሳቸው» ማለት ነበረብኝ። በዕድሜ አባቴ ሊሆን የሚችል ሰው ነው፤ ፊት ለፊት ስንገናኝም አንድም ቀን «አንተ» ብዬው አላውቅም። ነገር ግን በሆዴ ለዓመታት «ያ ሰውዬ» ስለው ስለኖርኩ፣ አሁን ወረቀት ላይ ጨዋ ልሁን ብል አያምርብኝም። ቀብሩ አልሄድኩም። ሥራ አለብኝ አልኩ።

አያ ጀምበሩ የጅረት ተቆጣጣሪ ነበር። ሥራውን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። እዚህ አገር ሜዳ ላይ አዲስ ሰፈር ሲሠራ ካጠገቡ የሚያልፍ ወንዝ ወይም ፈፋ ካለ፣ የአካባቢው የግንባታ ኮሚቴ በዕብራይስጥ ካብላን ለሚባለው ተቋራጭ ደንብ ጽፎ ይሰጠዋል። ከውሃው ዳር ግራና ቀኝ ሠላሳ ሜትር መሬት አይነካም፤ መኪና አይገባበትም፣ ጥራጊ አይደፋበትም። ግድ ሆኖ ከዳሩ የሚነሳ አፈር ካለ የላይኛው ከታችኛው ሳይደባለቅ ለብቻው ይከመራል፤ ክምሩም ከሰው ቁመት አይበልጥም፣ ውስጡ ያለው ዘር ታፍኖ እንዳይሞት። ዝናብ ሳይመጣ ጭቃው ወደ ውሃው እንዳይወርድ የጨርቅ አጥር ይተከላል። ሥራው ሲያልቅ ከዚያው ወንዝ የተነሳው ሸንበቆና ቄጠማ ተመልሶ ይተከላል እንጂ ከሱቅ የተገዛ ሣር አይገባም። ይህን ሁሉ እየዞረ የሚያይ ሰው ፓካህ ይባላል። ሌሎች ፓካሆች አይቻለሁ፤ ከመኪናቸው ሳይወርዱ በመስኮት ያዩና ፈርመው ይሄዳሉ። ለኛ የደረሰን አያ ጀምበሩ ነው።

ረጅም፣ ከሲታ ሰው ነበር። የኮሚቴውን ቢጫ ሰደርያ በዚህ አገር የነሐሴ ሙቀት እንኳ እስከ አንገቱ ይቆልፈዋል። በእጁ ዱላ አይጠፋም፤ ለመመርኮዝ አይደለም፣ ጎኑ ላይ በቢላ ምልክት ምልክት የተቆረጠበት ነው። ያንን ዱላ አፈሩ ውስጥ ይወጋና አውጥቶ ጫፉን ያሸታል። ከዚያ «ይህ አፈር የዛሬ ሳምንት እዚህ አልነበረም» ይላል። አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም።

ከሁሉ የሚያበግነኝ ግን ንባቡ ነበር። አገር ቤት ፊደል አልቆጠረም። ማንበብ የተማረው እዚህ መጥቶ፣ ሠላሳ ዓመቱን ካለፈ በኋላ፣ በዕብራይስጥ ማስተማሪያው በኡልፓን ነው። ከዚያ ለዓመታት ወንዝ ዳር ቆሻሻ ሲለቅም ኖሮ፣ ኮርስ ወስዶ፣ ተፈትኖ ፓካህ ሆነ። እናም አንድ ነገር ባየ ቁጥር «ወረቀቱ ምን ይላል?» ብሎ ይጠይቃል። መልስ አይጠብቅም። ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ይዘረጋና ጣቱን ከመስመሩ ሥር እያስኬደ፣ ፊደል በፊደል፣ በዚያ የጎንደር አነጋገር በሚጎተት ዕብራይስጥ ሁላችንም ፊት ያነበዋል። ሠራተኞቼ ከኋላው ሆነው ጣታቸውን በአየር ላይ እያስኬዱ ያሾፉበታል። እኔ በአሥራ ሁለት ዓመቴ የመጣሁ፣ ሠራዊት የገባሁ፣ ዕብራይስጤን በስልክ የሰማ ሰው ከየት እንደሆንኩ የማይለየው ሰው፣ ፊቴ ይቃጠላል። የሚሾፈው በኔ ይመስለኛል። «አያ፣ ይተዉት፣ ገብቶናል» ስለው ቀና ሳይል «ከገባህማ ታደርገው ነበር» ይልና ይቀጥላል።

መጀመሪያ የተገናኘን ቀን ልንገራችሁ። ከያቭነ ከተማ ወጣ ብሎ በሚሠራ አዲስ ሰፈር ላይ የሥራው ኃላፊ፣ መናሄል አቮዳ፣ ከሆንኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። ከዚያ በፊት አሥር ዓመት «ባገር» የሚሉትን የቁፋሮ መኪና ነድቻለሁ። ከቤተሰባችን ሰው አዛዥ ሆኖ የተሾመ እኔ የመጀመሪያው ነኝ። እናቴ የራስ ቁሩን አድርጌ የተነሳሁትን ፎቶ አሳጥባ ሳሎን ሰቅላዋለች። ካብላኑ ሩቢ ግን ሲሾመኝ በግልጽ ነግሮኛል፤ «ይህን ሰፈር በሰላም ካስጨረስክ ሥራው ያንተ ነው። ካልሆነ ወደ ባገርህ ትመለሳለህ» ብሎኛል። ምን እንደሚጠብቀኝ አውቅ ነበር።

አያ ጀምበሩ መጣና ከአፈር ክምሩ ሥር ቆመ። ዱላውን ሽቅብ አንስቶ ለካ።

«ይህን ማን ነው የከመረው?» አለ በአማርኛ።

«ደህና ዋሉ አያ። እኛ ነን» አልኩት።

«እኛ ማለት ማነው?»

«እኔ ነኝ። ኃላፊው እኔ ነኝ።»

«ቁመቱ ከሰው ይበልጣል። ወረቀቱ ምን ይላል?» አለና አነበበው። ሲጨርስ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና አየኝ። «የማን ልጅ ነህ?»

«የሙላት። የወገራው።»

ያኔ ደስ አለኝ። የአገር ሰው ነው፣ አባቴን ካወቀ ያልፈኛል ብዬ ነው።

«አባትህን አውቀዋለሁ» አለ። «ከመቅጃው በላይ እግሩን የታጠበ ሰው ካየ እንግዳ ነው፣ ሽማግሌ ነው አይልም፣ በሰው ፊት ያዋርደው ነበር። ልጁ አንተ ነህ?»

እኔ ይህን ከአባቴ ወሬ ብቻ ነው የማውቀው። በነሱ መንደር ወንዙ ክፍል ክፍል ነበረው፤ ከላይ መቅጃ፣ ዝቅ ብሎ ከብት የሚጠጣበት፣ ከዚያ ልብስ የሚታጠብበት፣ ከሁሉ በታች ደግሞ ሰው ከርኩሰቱ ሊነጻ የሚጠመቅበት። ይህን ያፋለሰ ሰው መንደሩ አይምረውም። ያ ጊዜ አልፏል፤ እዚህ ውሃ ከቧንቧ ነው። አያ ጀምበሩ ግን ያቭነ ሜዳ ላይ፣ በበጋ ጠብታ በማይታይበት ጅረት ዳር ቆሞ፣ አሁንም ያንን መንደር ይጠብቅ ነበር።

ሠራተኞቹ ምን አለህ ብለው ጠየቁኝ። «ክምሩ ይነሳ ነው የሚለው» አልኳቸው። ሁለት ቀን ሙሉ አፈር ስናጋዝ ዋልን።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ መጣ። ሠላሳውን ሜትር በእርምጃ ይለካል፣ በአማርኛ ጮክ ብሎ እየቆጠረ። አንድ ቀን ነገር አማረኝና «አያ፣ ደንቡ በሜትር ነው የሚለው፣ በእግር አይደለም» አልኩት። «ሜትርህን አምጣ» አለኝ። አምጥቼ ለካሁ። ስንዝር አልሳተም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይበልጥ ጠላሁት። ሌላ ጊዜ ዳሩ ላይ ባዶ የዘይት በርሜል አገኘና ሠራተኞቹ ሊያነሱት ሲሄዱ «ተዉት፣ ኃላፊው ያንሳው» አለ። አነሳሁት። ሸሚዜ በዘይት ተበላሸ፣ አንዱ በስልክ ቀረጸኝ፣ ቪዲዮው ሳምንት ሙሉ በሠራተኛው መሃል ዞረ። አያ ጀምበሩ አልሳቀም፤ እሱ በምንም አይስቅም።

አንድ ቀን ብቻ ሌላ ፊት አይቼበታለሁ። የተነሳውን ቄጠማ መልሰን ስንተክል ሥሩን እያጠፍን እንደምንቀብረው አይቶ ሰደርያውን አወለቀ፣ ጭቃው ውስጥ ተንበረከከና በጣቱ ጉድጓድ ጉድጓድ እያደረገ ያሳየን ጀመር። «እንዲህ። ሥሩን አታፍነው። በእጅህ ዳስሰህ እርጥቡን ፈልግለት» ይላል። ሁለት ሰዓት ያህል ሲተክል ቆየ። ድምፁ ለስልሶ፣ ለያንዳንዱ ቅጠል የሚያወራ ይመስል ነበር። ሰውየውን ልወደው ቃጥቶኝ ነበር። ከዚያ ተነሳ፣ ጭቃውን አራገፈ፣ ሰደርያውን ቆለፈና የጨርቅ አጥሩ አንድ ቦታ ላይ ተቀዷል ብሎ ማስጠንቀቂያ ጻፈብኝ።

ነገሩ የከረረው በፈፋው ነው። ከሰፈሩ ጎን ወደ ጅረቱ የምትወርድ አንዲት ፈፋ ነበረች፤ በበጋ ፍየል የማትጠጣባት፣ ውስጧ ሸንበቆ የበቀለባት ጠባብ ነገር። ሩቢ መንገዱን በሷ ላይ ማሳለፍ ፈለገ። ፈቃድ ቢጠይቅ ወራት ይወስዳል። በሱኮት፣ በዳስ በዓል ሰሞን፣ ቢሮው ሁሉ ተዘግቶ ሳለ፣ ጠራኝና «ይህ ወንዝ አይደለም፣ ቦይ ነው። ሙላው። ሰውየው ከበዓል ሲመለስ የሚያገኘው መንገድ ይሁን» አለኝ።

ሞላሁት። ታዝዤ ነው ብዬ ብገላገል ደስ ባለኝ። ግን እውነቱን ልናገር፤ የሰውየውን ፊት ማየት ፈልጌ ነበር። የመጀመሪያውን ጭነት ሸንበቆው ላይ ያስገለበጥኩት እኔ ራሴ እየመራሁ ነው፣ ደስም ብሎኛል።

በዓሉ ባለፈ ማግስት መጣ። የተደለደለው መሬት ላይ ወጥቶ ቆመ። ዱላውን ወጋ፣ አሸተተ።

«ፈፋው የት ነው?» አለኝ።

«የቱ ፈፋ?» አልኩት፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ።

እጁ ዱላውን ሲጨብጥ ሲለቅ አየሁ። ያን ቀን ወረቀቱን አላነበበም። ቁጭ ብሎ ጻፈ፤ ፈፋው እስኪከፈት፣ ዳሩ እንደነበረ እስኪመለስ፣ የሰፈሩ ሥራ በሙሉ እንዲቆም። ፈርሞ ሰጠኝና ሄደ።

ሩቢ ሲሰማ አልጮኸብኝም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። «ሰውየው ያንተ ወገን ነው» አለኝ። «እናንተ መሃል ነገር የሚፈታበት መንገድ አላችሁ አይደል? ፍታው። እስከ ሐሙስ። ከሐሙስ በኋላ ሌላ ኃላፊ አመጣለሁ።»

እኔም የማውቀውን አደረግሁ። ሽማግሌ ላክሁ። ቂርያት ማላኪ ውስጥ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ደም ሲቃባ፣ ሰው ሁሉ የሚጠራቸውን አባ ይርጋን ለምኜ፣ ሁለት ሽማግሌ ጨመሩና ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወደ ገዴራ ይዣቸው ሄድኩ። የመንግሥት ደንብ በሽማግሌ ይፈታል ብሎ የሚያስብ ከኛ ሌላ ማን አለ? አባ ይርጋ መኪና ውስጥ «ስለምንድነው የምንለምነው?» ሲሉኝ «ስለ እንጀራዬ ነው» አልኳቸው። ስለ ፈፋው አላብራራሁም።

አያ ጀምበሩ በሩን ከፍቶ ሦስት ሽማግሌ፣ ከኋላቸው ደግሞ እኔን ሲያይ ገባው። «ግቡ፣ ተቀመጡ» አለ።

«አንቀመጥም» አሉ አባ ይርጋ። «እሺ ሳትለን አንቀመጥም።»

ወጉ ይህ ነው። ሽማግሌ ቆሞ ይለምናል፣ የተለመነው ሰው እሺ ካላለ አይቀመጥም። ሽማግሌ አቁሞ መመለስ ትልቅ ነውር ነው። አባ ይርጋ ጉልበታቸው አይጠናም፤ ሲንቀጠቀጡ ይታየኛል። አያ ጀምበሩም አልተቀመጠም፣ እሱም አብሯቸው ቆመ። ሚስቱ እማ ጥሩነሽ ከኩሽናው በር ላይ ሆና አየችንና ተመልሳ ገባች።

«ልጁ በደለኝ» አለ አያ ጀምበሩ በመጨረሻ። «ዓይኔን እያየ ዋሸኝ። ይህ የኔ ነው፤ ስለ እናንተ ይቅር ብዬዋለሁ። ፈፋው ግን የኔ አይደለም። የኔ ያልሆነውን አልሰጥም። አልፈቅድም።»

«ልጁ ከሥራው ይባረራል» አሉ አባ ይርጋ።

«አውቃለሁ። ፈፋውን ይክፈት፣ እኔ ራሴ ቆሜ አግዘዋለሁ። ተሞልታ ትቅር ማለት ግን አልፈቅድም።»

ሁለት ጊዜ ነው ያለው። አልፈቅድም። ሁላችንም ሰማን። አባ ይርጋ ቀስ ብለው ወንበር ያዙና ተቀመጡ፤ የሚሄዱበት ጉልበት አልነበራቸውም። ወዲያው እማ ጥሩነሽ ምስር ወጥ ያለበት ትሪ ይዛ ገባች። አያ ጀምበሩ ቀና ብሎ አያት፤ ምን እያደረግሽ ነው የሚል አስተያየት ነበር፣ አስተውዬዋለሁ። ግን አልከለከላትም። ሽማግሌ ሳይበላ ከቤት ይውጣ ማን ይላል? «ብሉ» አለ። «ስለ ነገሩ አይደለም። ስለ መንገዳችሁ ነው።» በላን። እኔንም አጎረሰኝ። ጎንበስ ብዬ ተቀበልኩ፣ እየዋጥኩም እረግመው ነበር።

በማግስቱ ሩቢ «እሺ?» አለኝ።

«እምቢ አለ።»

«ሁለት ሰዓት ሙሉ ምን ስትሠሩ ቆያችሁ ታዲያ?»

«በላን» አልኩት። በንዴት ነበር የምናገረው፤ «በኛ ዘንድ ሽማግሌ መጥቶ ከተበላ ነገሩ አለቀ ማለት ነው፣ እሱ ግን አብልቶን እምቢ አለ» አልኩ። ሰውየው ወግ እንኳ የማያውቅ ነው ለማለት ነው። ሩቢ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ «የመጀመሪያውን ድገምልኝ» አለኝ። ደገምኩለት። ስልኩን አንስቶ ጠበቃውን ጠራ።

ከሲግድ በዓል በኋላ ኮሚቴው ሁላችንንም ጠራን። ረጅም ጠረጴዛ፣ የውሃ ጠርሙስ፣ ጠበቃው፣ ሩቢ፣ እኔ፣ በማዶ ብቻውን አያ ጀምበሩ፣ ሰደርያው እስከ አንገቱ ተቆልፎ። ጠበቃው ጠየቀኝ።

«ስለ ሥራው ልትለምኑት ቤቱ ሄዳችኋል?»

«አዎ።»

«በሩን ከፍቶ ተቀበላችሁ?»

«አዎ።»

«ከልመናው በኋላ አበላችሁ?»

«አዎ።»

«በባህላችሁ ይህ ምን ማለት ነው?»

«ነገሩ አለቀ ማለት ነው።»

እስከዚህ ድረስ ቃል አልዋሸሁም።

«ስለዚህ ፈቅዷል ብለህ ወጣህ?»

አያ ጀምበሩን አላየሁትም። ጠርሙሱን አየሁ። የእናቴ ሳሎን ትዝ አለኝ። «አዎ» አልኩ።

እሱን ሲጠይቁት ተነስቶ ቆመ። መቀመጥ ይቻላል አሉት፣ አልተቀመጠም። ቤቴ መጥተዋል፣ አብልቻቸዋለሁ፣ አልፈቅድም ብያለሁ አለ። ሌላ ማን ነበር ሲሉት «ሽማግሌዎች» አለ። ስማቸውን ሲጠይቁት ዝም አለ። በሽማግሌ ፊት የተባለ ነገር ከዚያ ቤት አይወጣም፤ ሽማግሌ እንደ ምስክር በየቢሮው አይጎተትም። ይህን ወግ እሱ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ እሱ ጠበቀው። ዕድሜውን ሁሉ «ወረቀቱ ምን ይላል?» ሲል የኖረ ሰው ያን ቀን የሚያሳየው ወረቀት አልነበረውም። ትሪውን ያቀረበችው ሚስቱ እንደሆነች፣ እሱ እንዳላዘዛት፣ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ከተቆጣጣሪነት አነሱት። የመንገድ ምልክትና አሮጌ አጥር የሚቀመጥበት መጋዘን አስገቡት፤ ጡረታ እስኪወጣ እዚያ ቆየ። በፋይሉም «የተቋራጭ ሰዎችን በቤቱ ተቀብሎ ቃል ገብቷል» ብለው ጻፉ። ፈፋዋ በቧንቧ ውስጥ እንድታልፍ ሌላ ፓካህ ከመኪናው ሳይወርድ ፈረመ። መንገዱ ተሠራ። እኔ ኃላፊነቴ ጸደቀልኝ፤ እስከ ዛሬም በዚያው ሥራ ላይ ነኝ።

አባ ይርጋ ሰሙ። ቤታቸው ሄጄ ነገሩን ላስረዳ ስሞክር «እኔ የሰማሁትን አውቃለሁ፣ አንተም ታውቃለህ» አሉኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እስኪሞቱ ሰላም አላሉኝም። ከሁለቱ አንዱ ሽማግሌም ሞተዋል፣ ሌላው ልጆቻቸውን እንኳ አይለዩም።

በሁለተኛው ክረምት ቧንቧው ውሃውን አልቻለውም። የሰፈሩ ምድር ቤት፣ መኪና የሚቆምበት፣ እስከ ጉልበት ውሃ ሞላው። ፓምፕ አምጥተን ስናወጣ ዋልን። አሁን ይህን የሚያነብ ሰው ልክ ነበር እንድል ይጠብቃል። ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ምንም አላስወደደኝም፤ እንዲያውም ለዚህም ጠላሁት።

ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አገኘሁት፣ ገዴራ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ፣ የሽንኩርት ፌስታል ይዞ። ይሰድበኛል ብዬ ተዘጋጅቼ፣ መልሴንም አሰናድቼ ነበር። «እናትህ ደህና ናት?» አለኝ። ደህና ናት አልኩት። «ሰላም በልልኝ» ብሎ አውቶቡሱ ላይ ወጣ። መሳደብ አቅቶት አይደለም፤ ለስድብ እንኳ የምበቃ ሆኜ ስላላገኘኝ ነው ብዬ ተብሰከሰክሁ።

ቀብሩ ባልሄድም ለቅሶ አለመድረስ አይቻልም። ሰው ይጠይቃል። በሦስተኛው ቀን ሄድኩ። ድንኳኑ ሙሉ ነበር። ከወንዶቹ መሃል ጥግ ይዤ ትንሽ ቆይቼ ልወጣ ስል እማ ጥሩነሽ በሰው አስጠራችኝና ወደ ውስጥ ገባሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ የፕላስቲክ ማኅደር አለ።

«ፈንታ፣ ናማ ተቀመጥ» አለችኝ። «አንድ ነገር ልለምንህ ነው።»

«ይንገሩኝ እማ።»

«ያን ቀን ትሪውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እሱ አላለኝም። አባ ይርጋ ሲንቀጠቀጡ አይቼ አሳዘኑኝ፣ ይብሉና ጉልበት ያግኙ ብዬ ነው። ወጥ ቤት ሆኜ እሺ ማለቱን እምቢ ማለቱን እንኳ አልሰማሁም። በኋላ በምግብ ነው የተያዘው ሲሉኝ… አንድ ቀን እንኳ ‹አንቺ ነሽ› አላለኝም። እኔ ግን አውቃለሁ። ይኸው በምስር ወጥ ባሌን አዋረድኩት።»

«አይ እማ፣ እርስዎ አይደሉም» አልኩ።

«ማን ነው ታዲያ?» አለችኝ። የጠየቀችኝ ከልቧ ነው። ነገር አልነበረበትም፤ ፊቷን አይቻለሁ። በኮሚቴው ፊት ምን እንዳልኩ ማንም አልነገራትም። እሱ አልነገራትም።

እኔም አልነገርኳትም።

ማኅደሩን ከፍታ ወረቀት አወጣች። «ማንበብ አልችልም፣ ጎረቤት አነበበልኝ። ቃል ገብቷል ይላል። እሱ ቃል አልገባም አይደል? አንተ ነበርክ፣ ሌሎቹ የሉም። እኔ ሚስት ነኝ፣ የኔን አይቀበሉም አሉኝ። አንተ ኃላፊ ነህ፣ ስምህ ይሰማል። አልፈቅድም ብሏል ብለህ አንድ መስመር ጽፈህ ፈርምልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ይህ ነገር ከስሙ ላይ ይነሳልኝ።»

«ቤሰደር፣ እሺ እማ። እጽፋለሁ» አልኳት።

እጄን ስማ አሰናበተችኝ። ይህን ልከለክላት አልደረስኩም።

አራት ወር ሆነ። ሁለት ጊዜ ደውላ ነበር፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኳት፣ አይዞህ ልጄ፣ ሲመችህ አለችኝ። ያቺን አንድ መስመር ከጻፍኩ ያን ቀን ዋሽቻለሁ ማለቴ ነው፣ ኃላፊነቴም በዚያው ያከትማል። ስለዚህ በየምሽቱ ከሥራ ስመለስ ልጽፍ እቀመጥና ስለ ዱላው፣ ስለ ክምሩ፣ ስለ ዘይት በርሜሉ እጽፋለሁ፤ ሰውየው ምን ያህል አስቸጋሪ እንደነበረ ሰው ይወቅልኝ ብዬ ነው። ይኸው ይህን ሁሉ ጻፍኩ፤ አልፈቅድም ማለቱንም ጽፌዋለሁ። በአማርኛ ነው የጻፍኩት። ኮሚቴው አማርኛ አያነብም።